የሣቅ ካርድና የክተት ወረቀት

የፋሽስት ወረራ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንተርከው ስለ አውሮፕላኑ፥ ስለ መትረየሱና ስለ መርዙ ነው። በወራሪው ወታደር ኪስ ውስጥ ስለነበረው ፖስት ካርድ ግን እምብዛም አናነሣም። በካርዱ ላይ ለማሣቅ ተብሎ የተሣለ ሥዕል አለበት።

ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በ1928 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ለዘመተው ጦር እንዲህ ያሉ ካርዶችን በተከታታይ ሥሏል። በአንደኛው ላይ አንድ ወታደር የተባይ መድኃኒት መርጫ ይዞ በትንንሽ ኢትዮጵያውያን ጦረኞች ላይ ይረጫል። በየቤታችን ፍሊት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው፤ ተባዮቹም እንግዲህ አባቶቻችን ናቸው። በሌላው ላይ ደግሞ ወታደሩ ፖስታ ቤት ገብቶ፥ እንደ ዕቃ የተጠቀለለች አንዲት ሴት ለጓደኛው የምሥራቅ አፍሪካ ማስታወሻ ትሆነው ዘንድ እንድትላክለት ይጠይቃል።

ሥዕሉን ከዘመኑ ሥራ ጋር ማስተያየት ይገባል። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ሳለ፥ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ መርዙን ከአውሮፕላን አወረደች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ይህንኑ ለመንግሥታት ማኅበር ሊያመለክቱ ሲነሡ በአዳራሹ የነበሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው። ፉጨቱም ካርዱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለ ሴቲቱም ቢሆን፥ ያው መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ።

ካርዱ የሚላከው ለእናት፥ ለእጮኛና ገና ላልዘመተው ወንድም ነው። ቁስልንና ውኃ ጥምን የሚተርክ ደብዳቤ ወንድምን ያስፈራል፤ የሚያሥቅ ሥዕል ግን ጦርነቱን ሽርሽር ያስመስለዋል። በእንግሊዝ አገርም ግዴታ ውትድርና እስከ ታወጀበት እስከ ጥር 1908 ዓ.ም. ድረስ ያልዘመተውን ጎረምሳ የሚያሽሟጥጡ ካርዶች ይሸጡ ነበር። እኛ በበኩላችን ተማሪው ካርዱን ቢያየው አንቃወምም፤ ነገር ግን ለማን እንደተላከ አስቀድሞ ይጠየቅ።

በእኛ ዘንድ ክተት ይታወጅ የነበረው በነጋሪት ነው፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተጎሰመው ይኸው ነው። ፉከራችንም ጠላትን መዝለፉ አይቀርም። ይሁንና የሚፎክረው ራሱ የሚዘምተው ሰው ነው።

ወረቀት በእኛ ወገን ትልቅ ሥራ የሠራው ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በሱዳን ጠረፍ በኩል ነው። ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች ገላባትን ያዙ። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፥ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ሚሲዮን 101 የተባለውን ቡድን ይዘው ወደ ጎጃም አርበኞች የተነሡት ከዚያች ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደ ጎጃም የተላኩትም አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። በጠረፉ ሰማይ ላይ ደግሞ አውሮፕላኖች ከካርቱም እየተነሡ የአዋጅ ወረቀት ይበትኑ ነበር።

የወረቀቱን ሥራ የመራው በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር ነው። ባንዲራችን የተባለ ጋዜጣም በአማርኛ ይታተም ነበር። ወረቀቱ በጣሊያን ሥር የተሰለፈውን የአገር ልጅ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ይጠራል፤ የሚያሥቅ ሥዕል የለበትም፥ ያለበት የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነው። ማኅተሙን ያዩ ሰዎች እጅ ነሥተው ይስሙት ነበር። በ1933 ዓ.ም. በከረን ውጊያ ጊዜም ከጣሊያን ጦር እየከዱ የመጡት የአገር ተወላጆች ብዙ ናቸው። ስቲር በ1942 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ዘመቻ ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ የወሰደው ከዚያው ማኅተም ነው።