መቀርቀሪያውና ማኅተሙ

በአማርኛ ጠመንጃ ጥይት «ይጎርሳል»፤ ተኳሹም «ያጎርሰዋል»። አባቶቻችን ጠመንጃን በስንት ጎራሽነቱ ሲጠሩት ኖረዋል። ቃሉ እንዲያው ለጨዋታ የወጣ አይመስለኝም። ጉርሻ ጠቅልሎ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ችግሩ ያለው ከመሶቡ ላይም ከአፍ ውስጥም አይደለም፤ በእጅና በአፍ መካከል ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። እዚያ ላይ እጅ ከላላ ጉርሻው ይበተናል። የጠመንጃም ነገር እንዲሁ ነው። ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ያለችውን መንገድ የሚገዛ አንድ ብረት አለ፤ ጠመንጃው የሚመሰገነውም የሚታማውም በዚሁ ብረት ነው።

ብረቱ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ እንደ በር መቀርቀሪያ ተስቦ የሚከፈት፣ ተገፍቶና ተጠምዝዞ የሚዘጋ ዘንግ ነው። ሁለተኛው ይኸው ዘንግ የሚመላለስበት ቤት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ጠመንጃ በትእዛዝ የሚያሠራ ሰው በርሜሉን ከአንዱ፣ ሰደፉን ከሌላው ባለሙያ ሊያስመጣ ይችላል። አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን «በየትኛው ብረት ላይ ይሠራልህ?» የሚል ነው።

ለመሆኑ ይህ የባዕድ አገር አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ጭንቀት እኛን ምን ያገባናል? ያገባናል እላለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ሲሸጡ ታይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የሞዘር ዝርያ የሆኑት፣ በትእዛዝ ጠመንጃ የሚሠራ ባለሙያ ለብረታቸው ሲል ሊመርጣቸው የሚችላቸው ናቸው። እንግዲህ የምርጫውን ታሪክ ማወቅ የራሳችንን ቅርስ ዕጣ ማወቅም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቀርቀሪያ ያለውን ጠመንጃ ለጦር ሠራዊት በማስታጠቅ ፕሩሲያ ቀደመች፤ የድራይዘን ጠመንጃ በ1841 ተቀበለች። በኔካር ወንዝ ዳር ባለችው በኦበርንዶርፍ ከተማ የተወለዱት ቪልሄልምና ፓውል ሞዘር የተባሉ ወንድማማቾች ደግሞ የ1871ን ጠመንጃ ለጀርመን ሠሩ። በ1874 ፈረንሳዮች የግራን ጠመንጃ አወጡ። ይህ ጠመንጃ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ በባላገሩ አፍ ተሟሽቶ «ውጅግራ» የሆነው እርሱ ነው። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ነገር ግን መቀርቀሪያው ጠንካራና ቀላል የሆነ ጠመንጃ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፈው ሠራዊት መካከል ይህንኑ ውጅግራ የያዙ ብዙ ነበሩ። መቀርቀሪያ መሳብን የኢትዮጵያ ወታደር የተማረው ከሞዘር በፊት ነው ማለት ነው።

ፓውል ሞዘር ግን አላረፈም። በ1893 ለስፔን በሠራው ጠመንጃ ውስጥ አምስት ጥይት ግራና ቀኝ ተደራርቦ ከሰደፉ ሳይወጣ የሚቀመጥበትን ካዝና አስገባ። አምስቱም በአንድ ማያዣ ተደርድረው ከላይ በአውራ ጣት ተገፍተው ይገባሉ። በ1898 በኩባ ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች በጎን በኩል ጥይት አንድ በአንድ የሚያስገቡበትን ክራግ ይዘው ከዚህ ጠመንጃ ጋር ተገናኙ። ድሉ የአሜሪካ ቢሆንም ትምህርቱ መራራ ነበር። የ1903ን ስፕሪንግፊልድ ሲሠሩ ከሞዘር ብዙ ስለ ወሰዱ 200,000 ዶላር ለሞዘር ፋብሪካ ከፍለዋል። ተሸናፊው የታጠቀውን ጠመንጃ አሸናፊው ገንዘብ ከፍሎ ቀዳው ማለት ነው።

በዚያው በ1898 የጀርመን ጦር የተቀበለው ሞዘር 98 ከቀደሙት ሁሉ ላቀ። ከፊት ሁለት ጥርሶች መቀርቀሪያውን ቆልፈው ይይዛሉ፤ እነርሱ ቢሰበሩ የሚተካ ሦስተኛ ጥርስ ከኋላ አለ። ቀለህ ቢቀደድ የሚወጣው ጋዝ የተኳሹን ዓይን እንዳያጠፋ መተንፈሻ ቀዳዳዎችና መከለያ ተበጁለት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመቀርቀሪያው ጎን የተጋደመው ረጅም ጥፍር ነው። ጥፍሩ ጥይቱ ከካዝናው እንደ ወጣ ቂጡን ይይዘዋል፤ በርሜሉ ውስጥ እስኪያስቀምጠው አይለቀውም፤ ከተተኮሰም በኋላ ባዶውን ቀለህ ያው ጥፍር ጎትቶ ያወጣዋል። ጠመንጃው ቢዘቀዘቅ፣ ተኳሹ ቢሮጥ፣ ቢደነግጥም ጉርሻው አይወድቅም።

የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን ፈጥነው አወቁ። የሪግቢ ቤት የሞዘር ወኪል ሆነ፤ ዝሆንና ጎሽ ለሚያድኑ ሰዎችም በሞዘር ብረት ላይ ውድ ጠመንጃዎች ይሠራ ጀመር። እዚህ ላይ የልክ ነገር ይመጣል። የጀርመን ጦር ጥይት ርዝመቱ 82 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሪግቢ በ1911 ያወጣው የ0.416 ኢንች ጥይት 95 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ረዘም ያለ ብረት በልዩ ትእዛዝ ከኦበርንዶርፍ ይመጣ ነበር። ባለሙያ መጀመሪያ ጥይቱን፣ ቀጥሎ ብረቱን ይመርጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሬሚንግተን በ1962 ያወጣው 700 የተባለው ጠመንጃ ቤቱ ከድፍን ክብ ብረት የተቀረጸ ነው። ለመሥራት ርካሽ ነው፤ ግትርና ዙሪያው እኩል በመሆኑም ዒላማ ተኳሾች ይወዱታል። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በ1966 ለአልሞ ተኳሾቹ የመረጠው የዚሁ ዝርያ ነው። ነገር ግን ጥፍሩ ትንሽ ናት፤ ጥይቱን የምትይዘው ገፍታ ካስገባችው በኋላ ነው። ዊንቸስተርም በ1964 ወጪ ለመቀነስ ሲል ሞዴል 70 ከተባለው ጠመንጃው ላይ ረጅሙን ጥፍር አነሣ። ደንበኞቹ አኮረፉ፤ ከ1964 በፊት የተሠራው ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ፋብሪካውም በ1990ዎቹ ጥፍሩን መለሰው።

ይሁንና ቅርጽ ብቻውን አያድንም። የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ሠራተኞች ብረቱን አግለው ሲያጠነክሩ ሙቀቱን የሚለኩት በዓይናቸው ነበር። ፀሐይ በበረታበት ቀን የጋለው ብረት ደብዝዞ ስለሚታይ ከልክ በላይ ያግሉታል፤ ብረቱም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። በ1917 አንዳንዶቹ ሲፈነዱ ነገሩ ተመረመረ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ፋብሪካ ተሠርተው ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑትን ጠንቃቃ ባለሙያ አይነካቸውም። አሮጌ ብረት የሚመርጥ ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን ዘመንና እሳት መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከቤልጅግ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሞዘር 98 ዝርያ የሆኑ ጠመንጃዎች ገዝቷል። በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ጀርመን 10,000 ያህል የሞዘር ጠመንጃዎች በድብቅ መላኳን የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ጠመንጃዎች በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ተቀርጿል።

ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው። በትእዛዝ የሚሠራ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ይገጠምለታል። መነጽሩን የሚይዙት ብሎኖች የሚበሱት በብረቱ ቤት አናት ላይ ነው፤ የመንግሥታት ማኅተም የሚቀረጸውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ሞረድ አንዴ ካለፈበት፣ ቀዳዳም ከተበሳበት በኋላ አንበሳው አይመለስም። አሮጌው በርሜልና በወታደር ትከሻ የተወለወለው ሰደፍም ተጥለው፣ የቀረው ብረት የማንም አገር ይሆናል።

«መጋዘን ውስጥ ዝጎ ከሚቀር አዲስ ሕይወት ቢያገኝ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩን አልንቀውም፤ የሞዘር ብረት ለመሥራት የተፈጠረ ነው፣ ቢሠራበት አያሳፍርም። ነገር ግን ማኅተም የሌለው የሞዘር ብረት በዓለም ላይ በሚሊዮን ተሠርቷል። ኤፍ ኤን ራሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአዳኞች ጠመንጃ የሚሆን ብረት ለገበያ አውጥቷል። አደገኛ አውሬ የሚያድን ከእርሱ ይምረጥ፤ ወረቀት ዒላማ የሚመታ ክቡን ይውሰድ። አንበሳ ያለበት ግን ምትክ የለውም።

ስለዚህ ከአገር የወጣውን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው፣ በተለይም ባሕር ማዶ ያለ ወገናችን፣ ከመፍቻው በፊት ጨርቅና ዘይት ያንሣ። አናቱን ወልውሎ ይመልከት። ማኅተም ካገኘ ቁጥሩን ይመዝግበው፣ ሥዕሉን ያንሣው፣ ብረቱንም ከነበርሜሉና ከነሰደፉ እንዳለ ይተወው።