ታይዋን በመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች

ድሬዳዋ ላይ ረመዷን 20 ሲሞላ ገበያውም ዒባዳውም አብረው ይበረታሉ። ታይዋን የተባለው የከተማዋ ገበያ የኢድ ልብስ፣ ጫማና ሽቶ በሚሸምት ሰው ይጨናነቃል፤ ቀኑ በሙቀት ስለሚከብድ ግዢው ወደ ምሽት ይገፋል። ለባለሱቁ ከዓመቱ ገቢ ትልቁ የሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ከ1,000 ወር የሚበልጠው ለይለቱል ቀድር የሚጠበቀውም በእነዚሁ ሌሊቶች ነው። በቁጥር ሲሰላ 83 ዓመት ከ4 ወር፣ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው።

ይህ የገበያና የዒባዳ ሽሚያ ከከተማዋ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ግርጌው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቆረቆረች። ኢሳ ሶማሌና ኖሌ ኦሮሞ በሚኖሩበት ሜዳ ላይ ሐረሪው፣ የመኒውና ሕንዱ ሱቅ ከፈቱ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ሰፈር በሙስሊም ነጋዴዎች ደመቀ። በንግድ የቆመ ከተማ ሱቁን ለ10 ቀን ዘግቶ መስጊድ ይግባ ማለት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል የሰፋው የሻፊዒይ መዝሀብ ለገበያ ሰው በር ይከፍታል። የኢዕቲካፍ ሙሉው ሱና በ20ኛው ቀን ፀሐይ ሳትገባ መስጊድ ገብቶ ረመዷን እስኪወጣ መቆየት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በየዓመቱ ያደርጉት ነበር፤ ባረፉበት ዓመት ደግሞ 20 ቀን ተቀመጡ። ሆኖም በሻፊዒዮች ዘንድ ኒያ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ መስጊድ የተቀመጠ ሰውም ኢዕቲካፉ ይያዝለታል። እናም ከተራዊሕ በኋላ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ወደ መስጊድ የተመለሰ፣ በሌሊቱ መጨረሻም ለቂያም (ለሌሊቱ ሶላት) የቆመ ነጋዴ ዒባዳው የጎደለ ነው ብዬ አላምንም። የሚያመልጠውን ገንዘብ በየሰዓቱ እያወቀ የሚሰግድ ሰው ነውና፣ እንዲያውም መሥዋዕቱ ከብዙዎቻችን ይከብዳል።

ለይለቱል ቀድር የትኛዋ ሌሊት ናት? ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ከ40 በላይ አስተያየቶችን ሰብስበዋል። ኢማም ሻፊዒይ ራሳቸው ወደ 21ኛዋ ሌሊት ያደላሉ፤ ከእሷ ቀጥሎ ወደ 23ኛዋ። ሕዝቡ ግን ከሁሉ አብልጦ 27ኛዋን ይጠብቃል፤ መስጊዱ ሞልቶ ሰው ደጅ ላይ የሚሰግደው ያን ሌሊት ነው። ይህች ሌሊት ለምን እንደተሰወረች የሚነግረን ሐዲስ ደግሞ ለገበያ ሰው የተነገረ ይመስለኛል። ነቢዩ ቀኗን ለሰሓቦች ሊነግሩ ሲወጡ ሁለት ሙስሊሞች እየተጨቃጨቁ አገኙ፤ በዚያም ዕውቀቷ ተነሳ። ጭቅጭቁ በዕዳ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ታይዋን ሸቀጥ በዱቤና በአደራ የሚዘዋወርበት፣ ቃል ከወረቀት የሚቀድምበት ገበያ ነው። በእነዚህ ቀናት የተኳረፉ ሰዎች ሽማግሌ ልከው ይቅር ሲባባሉ፣ የዘገየ ብድር ሲመለስ፣ አቅም ላጣው ቀን ሲራዘምለት ይህ ሁሉ ከሌሊቱ ሶላት የሚለይ አይደለም።

እነዚህ ሌሊቶች የሚያደርሱት ኢድ ራሱ ሕዝባዊ በዓል ሆኖ መቆጠሩ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን ወጣቱ አንባቢ ላያውቅ ይችላል። በንጉሡ ዘመን ኢድ ሕዝባዊ በዓል አልነበረም፤ ሌሊቶቹን በቂያም ያነጋው ሙስሊም ኢዱን የሚያከብረው በመደበኛ የሥራ ቀን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያኖችም ጭምር፣ ለእኩልነት አደባባይ ወጡ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ሕዝባዊ በዓላት ሆኑ። ያን ሰልፍ ከዚህ ታሪክ ለይቼ ማየት አልችልም።

የረመዷን ማብቂያ የድሃም ሒሳብ ነው። ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ እህል ነው፤ ለተወለደ ሕፃን ሳይቀር ይከፈላል። የሐነፊ መዝሀብ በገንዘብ ተመኑን መስጠት ይፈቅዳል፤ ሻፊዒዮች ግን ከከተማው ቀለብ፣ ከራሱ ከእህሉ ነው የሚሉት። ከኢድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት፤ ዓላማው በዚያ ጧት ማንም ጦሙን እንዳይውል ነውና። ድሬዳዋ የዚህን ትርጉም በራሷ አይታለች፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ረመዷን ሊገባ የቀረው 7 ሳምንት ነበር። ቤት አልባ የሆኑት በመጠለያ ሳሉ መስከረም 1999 ላይ ጾሙ ገባ። ያ ዓመት ለድሬዎች ዘካው የሩቅ ሰው ጉዳይ ያልሆነበት፣ ተቀባዩ የትናንት ጎረቤት የነበረበት ዓመት ነው።

ከኢድ በኋላም ዒባዳው አይቋረጥም። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሐረር የሸዋልን ስድስት ቀን ጾመው የሚጨርሱ ሰዎች በሸዋሊድ በዓል ያከብሩታል፤ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የሐረር ዘመድ ያላቸው የድሬ ቤተሰቦችም ስድስቱን ቀን ይጾሙና ለሸዋሊድ ወደ ላይ ይወጣሉ።