የማዞሌኒ እጅ

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ቴሌስኮፑ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሳለ፣ ስሙን ያስጠራለት ሌላ መሣሪያ ነበር፤ የጂኦሜትሪና የጦር ኮምፓስ ይሉታል። (ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ኮምፓስ ስንል ያ ክብ የምንሠራበት፣ ወይም ሰሜንን የሚያመለክተው አይደለም። ሁለት የናስ ክንዶች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ በክብ መጋጠሚያ ተያይዘው እንደ መቀስ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ክንዶቹ ላይ መስመሮች፣ መስመሮቹ ላይ ጭረቶችና ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ቁም ነገሩ ያለው ጭረቶቹ ላይ ነው።

እስቲ አንዷን መስመር እንይ። ጭረቶቿ እኩል አይራራቁም። ከመጋጠሚያው እስከ 4 ያለው ርቀት እስከ 1 ካለው እጥፍ፣ እስከ 9 ያለው ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው፤ እኛ ስኩዌር ሩት የምንለው መሆኑ ነው። ሌላዋ መስመር የኩብ ሩት ስለሆነች እጥፉ ርቀት ላይ የሚገኘው 8 ነው። አንዷ ደግሞ ወርቅን፣ እርሳስን፣ ብረትን፣ ድንጋይን በክብደት ታነጻጽራለች። መድፈኛው የብረት ጥይቱን ዲያሜትር ያውቃል እንበል፤ ያንኑ ያህል የሚመዝን የድንጋይ ጥይት ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ክንዶቹን ከፍቶ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክቶ ያገኘዋል። ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ። የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የተማርነው።

ሕጉን ማወቅና ናስ ላይ ማስፈር ግን ለየቅል ነው። የሁለቱ ክንዶች መስመሮች አንድ ዓይነት መሆን፣ ሁለቱም ከመጋጠሚያው እምብርት መነሣት አለባቸው። መጋጠሚያው ከላላ ክንዱ ይወላገዳል፣ ከጠበቀ አልከፈት ይላል። አንዲት ጭረት የፀጉር ያህል ከሳተች መልሱም ይስታል። ናስ ደግሞ በላጲስ አይጠፋ ነገር!

ይህን ይሠራ የነበረው ሰው ማርካንቶኒዮ ማዞሌኒ ይባላል። ጋሊሌዮ በ1599 ቀጥሮ ከነቤተሰቡ እቤቱ አስቀመጠው። ይህንን የምናውቀው ከራሱ ከጋሊሌዮ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ መቼም ባለእጅ ታሪክ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ዝርዝር በኩል ነው። ዋጋውን ደግሞ ልብ በሉ፦ መሣሪያው 50 ሊሬ፣ አጠቃቀሙን መማር 120 ሊሬ። ናሱም፣ ድካሙም፣ ጭረቱም ተደምሮ የትምህርቱን ግማሽ እንኳ አያክልም። እርግጥ የመምህሩ ደመወዝ አነስተኛ ነበር፣ የእህቶቹ የጥሎሽ ዕዳም ነበረበት፤ አንፈርድበትም።

በ1606 ጋሊሌዮ የአጠቃቀም መመሪያ አሳተመ፤ 60 ቅጂ ብቻ። መጽሐፉ ውስጥ የመሣሪያው ሥዕል የለም፤ እንዴት እንደሚሠራም አልተጻፈም። ሌላ እንዳይቀዳው ብሎ ነው። ምን ያደርጋል! በ1607 ባልዳሳሬ ካፕራ የተባለ የሚላኖ ሰው ነገሩን በላቲን ገልብጦ የራሱ አድርጎ አወጣው፤ አሠራሩንም ጭምር ጽፎበት። ጋሊሌዮ ከሰሰ፣ ረታም፤ የካፕራ መጽሐፍ እንዲወገድ ተፈረደ። የተከራከሩት በሐሳቡ ባለቤትነት ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ቶማስ ሁድ የተባለ ሰው ስለዚሁ ዓይነት መሣሪያ መጽሐፍ ያሳተመው በ1598 ነው፤ ከጋሊሌዮ መመሪያ 8 ዓመት ቀድሞ። የሁድ መጽሐፍ አጠቃቀሙን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ያስተምራል። የርዕሱ ገጽ ላይም መሣሪያውን የሚሠራው ቻርልስ ዊትዌል መሆኑን፣ ቤቱም ከቴምፕል ባር ውጭ፣ ከቅዱስ ክሌመንት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት መሆኑን ጽፎበታል።