ዋና መዝገብ

ዋና መዝገብ፣ አንድ ነገር በብዙ መዛግብት በተለያየ አኳኋን ተጽፎ ሲገኝ የትኛው ቃል እንዲጸና የሚወስን፣ ሌሎቹም ሁሉ በእርሱ እንዲታረሙ የሚያደርግ የመረጃ ሥርዓት ነው። የመረጃ ጥራት የሚጸናው በቅጂዎች ብዛት ሳይሆን፣ ለየዘርፉ ሥልጣን ያለው ምንጭ በመወሰኑና ለውጡም በታወቀ ኃላፊ እጅ ብቻ በመፈጸሙ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥንታዊ አብነት በጋይንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች ይገኛል። ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ዜማ፣ ምልክቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደነገገ ይነገራል፤ ከዚህም ዜማ መጻሕፍት መካከል ለድጓው ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ዙር አምባ ማስመስከሪያ ሆነው ስለ ጸኑ፣ ከስማዳም ሆነ ከሩቅ አገር የመጣ ደቀ መዝሙር በየአጥቢያው የቀጸለውን በምስክሩ መምህር ፊት አቅንቶ፣ የጻፈውንም ድጓ ከመምህሩ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ይመሰከርለታል።

ከቤተ ልሔሙ የሚለየው የእስቴው የቆማ ዜማ ግን እንደ ግድፈት ሳይቆጠር በስሙ ተለይቶ መጠበቁ፣ መልካም መዝገብ ስሕተትን ከሕጋዊ ልዩነት መለየት እንደሚገባው ያስረዳል። በዋናው የገባ ግድፈት ወደ ቅጂው ሁሉ ስለሚተላለፍም፣ ዋናው ራሱ ዘወትር መመርመር አለበት።