የአማርኛ ኪቦርዳችንን ማን ያርመዋል?

በኮምፒዩተር አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ኪቦርዱን አማርሮ ያውቃል። አንዱ ፊደል በሦስት ቁልፍ ይመጣል፣ ሌላው የት እንዳለ ስለሚጠፋ ከሌላ ጽሑፍ ተቀድቶ ይለጠፋል። እኔም ለዓመታት ሳማርር ቆይቼ፣ የማረሙ ሥራ ለማንም ክፍት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ኪቦርዱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቺፕ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል፤ ከዚህ ዓይነቱ በስፋት የሚታወቀው ክፍት ፕሮጀክት ኪውኤምኬ ነው። ፈርምዌር ግን አማርኛ አያውቅም። ለኮምፒዩተሩ የሚልከው «ይህ ቁልፍ ተነካ» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። በኪውኤምኬ «ሀ»ን በአንድ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ቢቻልም፣ ዘዴው የፊደሏን የዩኒኮድ ቁጥር 1200ን በእጅ እንደተጻፈ አስመስሎ መላክ ሲሆን፣ አቀባበሉም በየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይለያያል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ላለው ጽሕፈት ይህ አያዋጣም። ፊደሉን የሚሠራው ከፈርምዌሩ በላይ የተቀመጠው ሶፍትዌር ነው።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችንን በላቲን ሆሄ የሚወክለውን «ሴራ» የተሰኘ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። (ስያሜው የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል እንጂ ሌላ ተንኮል የለበትም።) ኤች ሲነካ «ህ»፣ ኢ ሲከተል «ሀ» የሚሆንበት ዛሬ እጃችን የለመደው አጻጻፍ በዚያ መንገድ የመጣ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግዕዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች ያዘጋጃቸው ኪቦርዶች የሚገኙት ኪማን በተባለው ሶፍትዌር ነው። ኪማን ቀድሞ በክፍያ ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል ከተረከበው በኋላ ነፃና ምንጩ ክፍት ሆኗል። የኪቦርዶቹም ምንጭ ጊትሐብ ላይ ተቀምጧል።

ምንጩ ስል የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ «ይህ ፊደል ተጽፎ ይህ ቁልፍ ቢከተል ይህን አድርግ» የሚል ደንብ ሰፍሯል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ከግማሽ ቀን በኋላ ያነበዋል።

ለውጥ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማከማቻውን በራሱ ስም ይገለብጣል፤ ይህ ፎርክ ነው። ቅጂውን ወደ ኮምፒዩተሩ ያወርድና ለሥራው የተለየ ብራንች ይከፍታል። ፋይሉን ያርማል፣ በኪማን ዴቨሎፐር ይሞክራል፣ የእትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ በታሪክ ፋይሉ ላይ ምን እንደቀየረ ይጽፋል። በመጨረሻም ኮሚት አድርጎ ይልካል፤ «ተቀበሉኝ» የሚለውን ማመልከቻ፣ ፑል ሪኩዌስትን፣ ያቀርባል። የሚቀርበው ሥራ ኤምአይቲ በተባለው ፈቃድ ሥር መሆን አለበት፤ ማንም ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል ማለት ነው።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ለእኛ አገር የተመቸበት ምክንያት አለው። ሙሉው ቅጂ ከነታሪኩ በእጅዎ ስለሚሆን፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲያወርዱና ሲልኩ ብቻ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜም ቢሆን መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ወር ሙሉ ማረም፣ ኮሚት ማድረግና ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ማከማቻው ግን ከባድ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ሳሉ የመጨረሻውን እትም ብቻ እንዲያወርድ አዝዞ፣ ከዚያ ወደ አቀስታ መንገድ መውጣት ይበጃል።

እኔ መካነ ሰላም የሄድኩት ዘመድ ልጠይቅ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ብልህ ሐሳብ ነው ያልኩትን ጀምሬያለሁ፤ «ሰ»ንና «ሠ»ን በአንድ ቁልፍ ማጠቃለል። ድምፃቸው አንድ ነው፣ ጸሐፊውም ይገላገላል። ለአንድ የቅኔ መምህር በኩራት አሳየኋቸው።

«የኔታ፣ ከእንግዲህ አንዱ ይበቃል» አልኩ።

«ልጄ፣ ሠረቀ ብዬ ፀሐይ ወጣች ስል፣ ያንተ መኪና ሌባ ሊያደርጋት ነው?» አሉኝ።

በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የታወቀው ሌብነት ነው። ብራንቹን በአንድ ትእዛዝ ሰረዝኩት። የብራንች ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ስህተቴ ከእኔ ላፕቶፕ አልወጣም። ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ግን ኪቦርዱን ባሳደሰ ሰው ሁሉ እጅ ይገባ ነበር።

በእኔ እምነት ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ ፋይሉ በደንቡ መሠረት መሠራቱን፣ ፈቃዱ መሟላቱን ያያሉ፤ ኮምፒዩተሩም ሳይሰናከል መገንባቱን በራሱ ይፈትሻል። የቅኔ ተማሪ «ኀ»ን በየትኛው ቁልፍ እንደሚፈልጋት፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እጅ ምን እንደለመደ ግን ከዚያ ማዶ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ያንን የሚያስረዳው ለውጡን ያቀረበው ሰው ነው። ስለዚህ ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ይያዝ፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ ምን ተነክቶ ምን እንደሚጻፍ በምሳሌ ይታይ። ጥያቄ ቢመጣ አዲስ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ በዚያው ብራንች ላይ ታርሞ ሲላክ የቀድሞው ራሱ ይታደሳል።

እኔም አሁን ከመላኬ በፊት የምሞክራቸው ቃላት ዝርዝር አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ናቸው።