ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት

ሱቅ ገብተን አምፕሊፋየር ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። «ስንት ዋት ነው?» እንላለን። ሻጩ ቁጥሩን ይነግረናል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የአምፕሊፋየር ታሪክ ግን ጥያቄያችን ግማሽ ጥያቄ መሆኑን ያሳየናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የአሜሪካ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጥልቅ ባስ የፈለገ ሰው ቁም ሣጥን የሚያክል ስፒከር ያስፈልገው ነበር፤ ለዚያ ስፒከር ግን ጥቂት ዋት ይበቃዋል። በ1954 ኤድጋር ቪልቸር ኤአር-1ን ይዞ መጣ። አየር በማያስወጣ ትንሽ ሣጥን ጥልቅ ባስ አሰማ። ትንሹ ሣጥን ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ሸክሙ ወደ አምፕሊፋየሩ ዞረ።

ከዚያ የዋት ሽሚያ ተጀመረ። ማስታወቂያዎች ለቅጽበት ብቻ የሚወጣውን ኃይል ዘወትር የሚሰጥ አስመስለው ማቅረብ ያዙ። በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጣልቃ ገባ፦ የሚነገረው ዋት ሳይቋረጥ የሚሰጥ ይሁን፣ በስንት ኦምና በምን ያህል የድምፅ መዛባት እንደተለካም ይገለጽ አለ። በ2024 ደንቡን ሲያሻሽል መለኪያው ለሁሉም በ8 ኦም እንዲሆን ወሰነ።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ ውሸቱን ቀንሷል። ነገር ግን አምፕሊፋየሩን የሚጠይቀው በቀላል ሸክም ነው። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ስፒከር ላይ የተጻፈው ኦም ደግሞ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ አንድ ሆኖ አይዘልቅም፣ አንዳንድ ቦታ በጣም ይወርዳል። ስሌቱን እንየው፦ 20 ቮልት በ8 ኦም ላይ 2.5 አምፔር፣ ማለትም 50 ዋት ይሆናል። ያው 20 ቮልት በ1 ኦም ላይ 20 አምፔርና 400 ዋት ይጠይቃል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1980ዎቹ አፖጊ የተባለው ኩባንያ ከስስ አልሙኒየም ሪባን የተሠራ ሲንቲላ የሚባል ስፒከር አወጣ፤ ተቃውሞው 1 ኦም ገደማ ነበር። በወረቀት ላይ ጉልበተኛ የነበሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች እሱ ፊት ተንበረከኩ። በሌላ በኩል በ1977 የወጣው የማርክ ሌቪንሰን ኤምኤል-2 በ8 ኦም 25 ዋት ብቻ ነበር የሚለው። ሸክሙ ወደ 4 ኦም ሲወርድ 50፣ ወደ 2 ሲወርድ 100 ዋት ይሰጥ ነበር። በ1980 የተመሠረተው ክሬልም ስሙን ያተረፈው በዚሁ መንገድ ነው፦ ትልቅ ትራንስፎርመር፣ ብዙ ትራንዚስተር፣ ብዙ ሙቀት፣ በዚያው ልክም ውድ ዋጋ።

ስለዚህ ከባድ ስፒከር ያለው ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የስፒከሬ ኦም እስከ ስንት ይወርዳል? ሁለተኛ፣ አምፕሊፋየሩ በ4 እና በ2 ኦም ስንት ዋት ይሰጣል? የሸክሙ ኦም በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ እጥፍ ከተጠጋ መሠረቱ ጠንካራ ነው። ሻጩ የ8 ኦሙን ቁጥር ብቻ እየደጋገመ ሌላውን ካለፈው፣ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን፣ አምፕሊፋየርም የሚፈተነው በከባድ ሸክም ነው። ቁጥር የሚነግረንን ሁሉ፣ ዕቃም ይሁን ሹም፣ «ሸክሙ ሲከብድስ?» ብለን የመጠየቅ ልማድ ቢኖረን ብዙ ኪሳራ ይቀርልን ነበር።