የባሩድ ግፊትና የምልክቶቹ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1844 ዓ.ም. ፕሪንስተን በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ «ሰላም አምጪ» የሚል ስም የተሰጠው ታላቅ መድፍ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሲተኮስ ፈነዳ። በአደጋውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቤል አፕሸርና የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ቶማስ ጊልመር ጭምር ስድስት ሰዎች ሞቱ። መድፉ አስቀድሞ በሰላም ተተኩሶ ስለ ነበር አስተማማኝ ነው ተብሎ ነበር።

ከዚያ በፊት የባሩድ ሳይንስ ፈጽሞ አልተጀመረም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት በሚወዛወዝ ክብደት እንዴት መለካት እንደሚቻል አስረድቷል። ይሁን እንጂ በመድፉ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን ከፍተኛ ግፊት በቀጥታ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው ቶማስ ሮድማን የተባለው የአሜሪካ ጦር መኮንን ነው። መሣሪያው በጋዙ ኃይል የሚገፋ ስለት ሲሆን፣ በመዳብ ላይ የሚተወው ጠባሳ በታወቀ ኃይል ከተደረገ ጠባሳ ጋር ይነጻጸር ነበር። ቀጥሎ ስኮትላንዳዊው አንድሩ ኖብል በስለቱ ፈንታ በግፊቱ የሚጨፈለቅ ትንሽ የመዳብ ዘንግ ተጠቀመ።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ ረቂቅ ሆነ። በአዲሱ ባሩድ ላይ የሚደረግ ጥቂት ጭማሪ ግፊቱን ከጭማሪው መጠን በላይ ሊያንረው ይችላልና። ያገለገለ ቀለሃን በቤቱ እንደገና የሚሞላ ተኳሽ ደግሞ የላቦራቶሪ መሣሪያ ስለሌለው ቀለሃውን ራሱን ማንበብ ግድ ሆነበት።

የሚያነባቸውም ምልክቶች የታወቁ ናቸው፦ በቀለሃው ቂጥ ያለችው ማቀጣጠያ ጠፍጥፋ መገኘቷ፣ መርፌው በመታት ስፍራ ዙሪያ ብረቱ ከንፈር ማውጣቱ፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ የማስወጫ አሻራ መታየቱ፣ መቀርቀሪያው ለመከፈት ማስቸገሩ፣ የማቀጣጠያዋም ጎድጓዳ መላላቱ። ነገር ግን ማቀጣጠያዋ ከለስላሳ ብረት ከተሠራች ወይም ቀለሃው በማደሪያው ውስጥ ልል ከሆነ፣ በመጠነኛ ግፊትም ልትጠፈጠፍ ትችላለች። ናሱ ጠንካራ ሲሆን ደግሞ ከመጠን ያለፈ ግፊት ምልክት ሳይሰጥ ያልፋል። መቀርቀሪያው ሲያስቸግር ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ አልፏል። ስለዚህ የምልክት መታየት «አቁም» ይላል እንጂ፣ አለመታየቱ «ቀጥል» አይልም።

ዓይን ብቻውን ዳኛ ሲሆን የሚደርሰውን ጉዳት የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ታሪክም ያሳያል። በ1917 የ1903 ሞዴል ጠመንጃዎች አንዳንድ አካሎች ተሰባበሩ። ሲመረመር አንጥረኞቹ የብረቱን ግለት በቀለሙ ይገምቱ ነበር፤ በብሩህ ፀሐይ የጋለው ብረት ደብዝዞ ስለሚታያቸውም ከመጠን በላይ ያቃጥሉት ነበር። መድኃኒቱም የሙቀት መለኪያ ሆነ።

የግፊትም ልኬት በተመሳሳይ መንገድ ተሻሻለ። መዳብ ለመጨፍለቅ ጊዜ ስለሚፈልግ እውነተኛውን ጫፍ አሳንሶ ያሳያል፤ ሲጫን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል ግን ፈጥኖ ይመዘግባል። ለ.30-06 ጥይት የአሜሪካ አምራቾች ማኅበር የወሰነው ጣሪያ በመዳብ 50,000፣ በክሪስታል 60,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አደባልቆ የሚያነብ ባለሙያ፣ ቀለሃውን በትክክል ቢመረምርም እንኳ ይሳሳታል። የተፈተነ መመሪያ ዝቅተኛ መጠን ይዞ መነሣት፣ ደረጃ በደረጃ መጨመርና በመጀመሪያው ምልክት ወደ ኋላ መመለስ የዚህ ረጅም ታሪክ ትምህርት ነው።